ከመስከረም እስከ ጳጉሜን፦ ያያችኋቸውን የዱር እንስሳት በዓመት እንዴት ትቆጥራላችሁ?

ነገሩ ቀላል ነው። በአንድ ዓመት ውስጥ ያያችኋቸውን የዱር እንስሳት በዝርያ ትመዘግባላችሁ። ጅብ አንድ፣ ጉሬዛ ሁለት፣ ጭላዳ ሦስት እያላችሁ ትቀጥላላችሁ። መቶ ጭላዳ ብታዩም በዝርዝሩ ላይ ያው አንድ ነው። ዓመቱ ሲያልቅ ዝርዝሩ ይዘጋል፣ በማግስቱ ከዜሮ ይጀመራል። በቃ።

ውጭ አገር ይሄ ነገር ከጨዋታ አልፎ የለየለት ውድድር ሆኗል። ኖኅ ስትራይከር የሚባል አሜሪካዊ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በ2015 ዓለምን እየዞረ በአንድ ዓመት ብቻ 6,042 የወፍ ዝርያ አይቷል። እኛ እዚያ ድረስ መሄድ የለብንም። አገራችን ውስጥ ከ800 በላይ የወፍ ዝርያ አለ፣ ሌላ ቦታ የማይገኙ አጥቢዎችም አሉን፣ ከዚያ ውስጥ ደግሞ ቀላል የማይባለው ከቤት በራፍ ጀምሮ የሚታይ ነው።

ብዙ ሰው ጥሩ ጀምሮ መሀል ላይ የሚተወው እንስሳ አጥቶ እንዳይመስላችሁ። ሕግ ሳያወጣ ስለሚጀምር ነው። ግንቦት ላይ ይደርስና “ይሄኛው ይቆጠራል ወይስ አይቆጠርም?” እያለ ከራሱ ጋር ይሟገታል፣ ከዚያ ለራሱ ያዳላል፣ ከዚያ ዝርዝሩን ራሱ ማመን ያቅተዋል። ስለዚህ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ደረጃዎች ላይ እንስሳ የለም፣ ሕግ ብቻ ነው። ታገሡኝ።

1. ድንበሩን አስምሩ

ሦስት ነገር ይወሰናል፦ ከመቼ እስከ መቼ፣ የት፣ ምን ምን።

ከመቼ የሚለውን በተመለከተ እኔ ድርቅ ብዬ መስከረም 1 ነው የምለው። ምክንያቴ ባህል ብቻ አይደለም። ከአውሮፓና ከእስያ ብርዱን ሸሽተው የሚመጡት ወፎች ወደ እኛ የሚገቡት ከመስከረም ጀምሮ ነው፣ የሚመለሱት ደግሞ በመጋቢትና በሚያዝያ ገደማ። የኛ ዓመት አንዱን የእንግዶች ወቅት ከነመምጫው ከነመመለሻው ሙሉውን ይይዘዋል፣ የፈረንጆቹ ዓመት ግን ታኅሣሥ ላይ መሀሉን ይቆርጠዋል። የክረምቱ ዝናብ ደግሞ ዓመቱ መጨረሻ ላይ ይውልላችኋል፣ መንገዱ ጭቃ በሆነበት ጊዜ ቤት ቁጭ ብሎ ማስታወሻ ማጥራት ነው።

የት ለሚለው ሁለት ዝርዝር እንድትይዙ እመክራለሁ። አንዱ የአገር ነው፣ ኢትዮጵያ ውስጥ ያያችሁት ሁሉ ይገባበታል። ሌላው የሰፈር ነው፣ በእግር ሄዳችሁ የምትመለሱበት ርቀት። የሰፈሩን አትናቁት፣ ብር ሲጠፋና ሥራ ሲበዛ ነፍስ የሚዘራባችሁ እሱ ነው። ውጭ ያላችሁ ደግሞ ያላችሁበትን አገር ቁጠሩ። እስራኤል ያላችሁ ልጆች በተለይ ዕድለኞች ናችሁ፣ በጸደይ ኤላት ላይ ከላያችሁ የሚያልፉት ንሥሮች ክረምቱን አፍሪካ አሳልፈው ወደ ሰሜን የሚመለሱ ናቸው፣ ከመሀላቸው የእኛን ሰማይ ያዩ አይጠፉም።

ምን ምን ለሚለው፣ ጀማሪ ከሆናችሁ አጥቢዎችን ብቻ ያዙ። ወፍ ከጨመራችሁ ለየብቻ ቁጠሩ። ከተቀላቀሉ ወፎቹ ቁጥሩን ውጠው ይጨርሱታል፣ አንድ ቀን ዝዋይ ሐይቅ ዳር ውላችሁ የመጣችሁት ቁጥር ሦስት ወር የለፋችሁበትን አጥቢ ያስንቀዋል። ነፍሳቱንና ቢራቢሮውን ለጊዜው ተዉት።

2. ምን እንደሚቆጠር ቀድማችሁ ጻፉ

መሠረቱ ይሄ ነው፦ እንስሳው በሕይወት ያለ፣ የዱር፣ እና ያልታሰረ መሆን አለበት። ስድስት ኪሎ አንበሳ ግቢ ያሉት አንበሶች አይቆጠሩም። የቢራ ጠርሙስ ላይ ያለው ዋልያም አይቆጠርም። የቤት ውሻ፣ ድመት፣ አህያ በሜዳ ቢፈነጩም ከዝርዝሩ ውጭ ናቸው።

አስቸጋሪዎቹ መሀል ላይ ያሉት ናቸው። ሐረር ጀጎል ግንብ ሥር ማታ ማታ ከሰው እጅ ሥጋ የሚቀበሉት ጅቦችስ? እኔ እቆጥራለሁ። ማንም አላሰራቸውም፣ በራሳቸው እግር መጥተው በራሳቸው እግር ይሄዳሉ። ሐዋሳ ዓሣ ገበያ የተሰለፉት አባ ኮዳዎችም እንደዚያው፣ የዓሣ ትርፍራፊ ስለለመዱ የቤት ወፍ አልሆኑም።

ርግብ ላይ ደግሞ ዓይናችሁን ክፈቱ። አዲስ አበባ ውስጥ በየቤተ ክርስቲያኑ ጣሪያና በየፎቁ ከምታዩዋቸው ርግቦች መካከል ጠቆር ያለ ግራጫ ሆኖ ከአንገቱ ጀርባ ነጭ ምልክት ያለው አለ። እሱ የቤት ርግብ አይደለም፣ ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ውጭ የማይገኝ የዱር ዝርያ ነው። ቱሪስት ስንት ሺህ ኪሎ ሜትር በርሮ መጥቶ የሚያየውን እኛ ታክሲ ስንጠብቅ አናታችን ላይ አለ።

የሞተ አይቆጠርም። መንገድ ላይ በመኪና የተገጨ ጥርኝ ብታዩ ያሳዝናል እንጂ ቁጥር አይሆንም። በነገራችን ላይ ሳይንስ እዚህ ላይ ከኛ ይልቅ ለጋስ ነው። የነጭ ሳር ሌሊት በራሪ ወፍ በዓለም የታወቀችው እንደ ፈረንጆቹ በ1990 ነጭ ሳር ሜዳ ላይ መኪና ከገጫት ወፍ በተወሰደች አንዲት ክንፍ ነው፣ በ1995 በዚያችው ክንፍ ብቻ አዲስ ዝርያ ተብላ ስም ወጣላት። እናንተ ግን ክንፍ ይዛችሁ መጥታችሁ ቁጥር አትጠይቁ።

ድምፅስ? ይሄን እናንተው ወስኑ። እኔ የሰማሁትን እቆጥራለሁ፣ ግን አጠገቡ “ሰ” የሚል ምልክት አደርግበታለሁ። ማታ ከርቀት “ዉዉዉ-ኡፕ” እያለ የሚያስተጋባው ነጠብጣቡ ጅብ ነው። ባለ መስመሩ ጅብ ዝምተኛ ስለሆነ በድምፅ አይምታታም። ዱካ፣ ፋንድያ፣ የጃርት እሾህ ግን ለብቻው “ምልክት” የሚል ገጽ ይኑራቸው፣ ከዋናው ቁጥር ጋር አይደመሩም።

ቀጥሎ የሚመጣው ብዙ ጭቅጭቅ የሚያስነሣው ነው፦ ዝርያና ንዑስ ዝርያ። የምኒልክ ድኩላ ድኩላ ነው። ጥቁር ፀጉሩና የደጋ ኑሮው ቢለየውም በንዑስ ዝርያ ደረጃ ስለሚቀመጥ፣ ቆላ ላይ ቀዩን ድኩላ ካያችሁ በኋላ ሁለተኛ ቁጥር አታገኙበትም። ሰንቀሌ የቆርኬ መጠለያ ያለው የስዌይን ቆርኬም እንዲሁ ንዑስ ዝርያ ነው። ስሞቹ ራሳቸው ደግሞ ይቀያየራሉ። የኛ ተራ ቀበሮ ለብዙ ዘመን ከእስያው ወርቃማ ቀበሮ ጋር አንድ ነው ሲባል ኖሮ እንደ ፈረንጆቹ በ2015 የወጣ የዘረ መል ጥናት የተለየ ዝርያ መሆኑን አሳየ፣ አሁን የአፍሪካ ተኩላ ነው የሚባለው። መፍትሔው አንድ መጽሐፍ ወይም አንድ የታወቀ ዝርዝር መርጣችሁ እስከ ጳጉሜን ድረስ እሱን ብቻ መከተል ነው። ዓመቱ መሀል ላይ ቁጥር ስላማራችሁ መጽሐፍ መቀየር ክልክል!

አዋሽ ፓርክ ስትሄዱ የሚገጥማችሁ ደግሞ ሌላ ነው። ከፏፏቴው በላይ ያሉት ተራዎቹ ዝንጀሮዎች ናቸው፣ ፊታቸው ጥቁር፣ ፀጉራቸው አረንጓዴ የሚቀላቅለው ቡናማ። ከፏፏቴው በታች ያሉት ወንዶቹ አመድማ ጎፈር ያላቸውና ፊታቸው ቀላ ያለ የበረሃ ዝንጀሮዎች ናቸው። መሀል ላይ ሁለቱ ይዋለዳሉ። ድቅሉ ለሁለቱም አይቆጠርም። ሁለቱን ቁጥር የፈለገ ከመሀሉ ራቅ ብሎ ጥርት ያለውን ይፈልግ።

3. ደብተሩን አዘጋጁ

ስልክ ላይ ብቻ አትደገፉ። የባሌው ሳነቴ ደጋ ላይ ብርዱ ባትሪውን በአንድ ጠዋት ይጨርሰዋል። ኪስ የሚገባ ጠንካራ ልባስ ያለው ደብተርና እርሳስ ያዙ። እስክሪብቶ ዝናብ ሲነካው ይፈስሳል፣ እርሳስ ግን የትም አይሄድም።

እያንዳንዱ መስመር ላይ የሚገቡት፦ ተራ ቁጥር፣ ስም፣ ቀን፣ ሰዓት፣ ቦታ፣ ስንት እንደነበሩ፣ አየሁ ወይስ ሰማሁ፣ በምን እንደለያችሁት፣ እና ምን ያህል እርግጠኛ እንደሆናችሁ። ለምሳሌ እንዲህ፦

“14፤ ጭላዳ፤ ጥቅምት 9፤ ጠዋት 2፡20፤ ደብረ ሊባኖስ፣ ከፖርቱጋል ድልድይ በላይ ገደሉ አፋፍ፤ 40 ገደማ፤ አየሁ፤ ቁጭ ብለው ሣር ይነጫሉ፣ ደረታቸው ላይ ቀይ ራቁት ቆዳ፣ ትልልቆቹ ወንዶች ጎፈራም፤ ፎቶ አለ፤ እርግጠኛ።”

ከዚህ ሁሉ የማይቀረው “በምን ለየሁት” የሚለው ነው። ስም ብቻ ከጻፋችሁ ከስድስት ወር በኋላ ልክ ትሁኑ ስሕተት የምታረጋግጡበት ነገር የለም። “ሚዳቋ” ብሎ መጻፍና “ሚዳቋ፣ ብቻዋን፣ ከፍየል ያነሰች፣ ቁጥቋጦ ውስጥ ጎንበስ ብላ ሮጠች” ብሎ መጻፍ አንድ አይደለም፣ ሁለተኛው ላይ መልሶ መፍረድ ይቻላል። እርግጠኝነትን በሦስት ክፈሉት፦ እርግጠኛ፣ ይመስለኛል፣ አላውቅም። ወደ ዋናው ዝርዝር የሚገባው የመጀመሪያው ብቻ ነው።

የቀንና የሰዓት ጉዳይ ለኛ ሰው ወጥመድ ነው። ስልካችሁ ፎቶው ላይ የሚያትመው በፈረንጅ ቀንና ሰዓት ነው፣ ደብተራችሁ ደግሞ በኛ። ሁለቱን ስታመሳክሩ ጠዋት 2፡20 እና 8፡20 አንድ መሆናቸውን አትርሱ። መስከረም 1 አብዛኛውን ጊዜ ሴፕቴምበር 11 ላይ ይውላል፣ ጳጉሜን 6 የሆነችበት ዓመት ሲያልፍ ግን 12 ላይ። 2016 ዓ.ም. እንደዚያ ነበር የገባው፣ 2020 ዓ.ም.ም እንደዚያ ነው የሚገባው። ደብተሩ የመጀመሪያ ገጽ ላይ የየወሩን መግቢያ በሁለቱም አቆጣጠር ጻፉና ተገላገሉ።

ከደብተሩ ሌላ ባይኖኩላር ካገኛችሁ እሰየው። ስትገዙ 8×42 የሚል ፈልጉ። 8 ማለት ስምንት እጥፍ ያቀርባል ማለት ነው፣ 42 ደግሞ የፊት መስተዋቱ ስፋት በሚሊ ሜትር ነው። 20 እጥፍ ያቀርባል እያሉ የሚሸጡት ርካሹ ዕቃ እጅ ላይ ስለሚንቀጠቀጥ ምንም አያሳይም። አንድ ምክር ደግሞ በጆሯችሁ፦ ወታደራዊ ካምፕ፣ ግድብ፣ ድልድይ፣ ኤርፖርት አካባቢ ባይኖኩላር አታውጡ። “ወፍ እያየሁ ነው” የሚለውን ማንም አያምናችሁም።

4. ከበራፍ ጀምሩ

የመጀመሪያውን ወር የትም አትሂዱ። አዲስ አበባ ከሆናችሁ ጠዋት ከ12 ሰዓት እስከ 2 ሰዓት ግቢያችሁ ወይም በረንዳችሁ ይበቃል። በቡድን ሆኖ እየጮኸ ጣሪያ ለጣሪያ የሚበረው፣ ረጅም ጎባጣ መንቁር ያለው ትልቁ ወፍ ብዙዎች ጋጋኖ የሚሉት ነው። ማጅራቱ ላይ ነጭ ያለውና መንቁሩ እንደ መጥረቢያ የወፈረው ቁራ አለ። ሥጋ ቤት በር ላይ የሚያንዣብበው ጭላት፣ ቄራ አካባቢ የሚያደፍጠው ጥንብ አንሳ፣ ሽቦ ላይ ሁለት ሁለት ሆነው የሚቀመጡት ዋኔዎች፣ ረጅም ጭራውን ጎትቶ ቁጥቋጦ ውስጥ የሚሹለከለከው ቡናማ ወፍ ሁሉም ቁጥር ናቸው። ማታ ደግሞ ጅቡ አለ፣ ከተማው ዳር ላላችሁ መፈለግም አያስፈልጋችሁም።

ዓይን የሚለምደው እዚህ ነው። ሰፈር ያለውን ወፍ በደንብ ያወቀ ሰው ሩቅ ሲሄድ የተለየው ራሱ ይጠራዋል።

መስከረም ላይ አንድ ሥራ አለ፣ እንዳያመልጣችሁ። የመስቀል ወፍ። በዓመት አንዴ የሚጠፋና የሚመጣ ይመስለናል፣ ሰው ሲጠፋብንም “የመስቀል ወፍ ሆንክ” እንለዋለን። እውነቱ ግን ወፉ የትም አይሄድም። የመስቀል ወፍ እያልን የምንጠራቸው ከአንድ በላይ ዝርያዎች ናቸው፣ ወንዶቹ በክረምት ለመራባት ቀይ ወይም ቢጫ ከጥቁር ጋር ይለብሳሉ፣ አንዳንዶቹ ረጅም ጭራ ያወጣሉ፣ ወቅቱ ሲያልፍ ያንን አውልቀው ከሴቷ የማይለዩ ቡናማ ወፎች ይሆናሉ። ኅዳር ላይ ከፊታችሁ ሆነው አትለዩዋቸውም። ስለዚህ መስከረም ውስጥ ሱሉልታ ወይም ሰበታ አቅጣጫ ረጅም ሣርና እርሻ ያለበት ሂዱና ልብሳቸውን ሳያወልቁ አንድ በአንድ መዝግቧቸው።

ከዚያ ትንሽ ራቅ በሉ። መናገሻ ሱባ ጫካ ጉሬዛና የምኒልክ ድኩላ አለ። ገፈርሳ የውኃ ማጠራቀሚያ ዳር ባለ ሰማያዊ ክንፏን ይብራ ፈልጉ፣ የኢትዮጵያ ደጋ ልጅ ናት። ጭላዳ ለማየት ደብረ ሊባኖስ ይበቃል። ግን ጎሕ ሳይቀድ አትድረሱ። ጭላዳ የሚያድረው ገደሉ ላይ ነው፣ ፀሐይ ሲሞቃቸው ነው ወደ አፋፉ የሚወጡት። ቶሎ የደረሰ ሰው ባዶ ሜዳ አይቶ “የሉም” ብሎ ይመለሳል።

5. ትልልቆቹን ጉዞዎች በወቅት ደልድሉ

ሁሉንም ፓርክ በአንድ ዓመት አትመኙ። ሁለት ወይም ሦስት ምረጡ። ከመነሣታችሁ በፊት የመንገዱን ሰላም ከአካባቢው ሰው ጠይቁ፣ ይሄ ከሁሉ ይቀድማል። የመግቢያ፣ የስካውት (የፓርኩ ጠባቂ) እና የመኪና ክፍያ ለየብቻ ስለሆነ ያንንም ቀድማችሁ ደውላችሁ አጣሩ።

አንድ ቦታ ብቻ መሄድ የምችለው ካላችሁ ባሌ ሂዱ፣ ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ደረቅ ወቅት። ዲንሾ የፓርኩ ጽሕፈት ቤት ግቢ ጫካ ውስጥ ጠዋት በእግር ስትዞሩ የደጋ አጋዘን፣ ከርከሮና የምኒልክ ድኩላ ያለ ብዙ ድካም ይገኛሉ። የደጋ አጋዘንን ከተራው አጋዘን ጋር አትቀላቅሉ፣ ሁለት ዝርያ ናቸው። የደጋው ከኢትዮጵያ ውጭ የለም፣ ሳይንስ ያወቀውም እንደ ፈረንጆቹ በ1900ዎቹ መጀመሪያ ላይ ነው።

ከዚያ ከጎባ ወደ ዶሎ መና የሚወስደውን መንገድ ይዛችሁ ሳነቴ ላይ ውጡ። ከ4,000 ሜትር በላይ ነው፣ ቱሉ ዲምቱ የሚባለው ጫፉ 4,377 ሜትር ይደርሳል፣ ስለዚህ ቀስ ብላችሁ ተራመዱ፣ ውኃ ጠጡ። እዚህ የምትፈልጉት ቀይ ቀበሮን ነው። በዓለም ላይ የቀረው ከ500 አይበልጥም፣ ከግማሽ በላዩ እዚሁ ባሌ ነው። ደስ የሚለው ነገር አይጦቹ ቀን ስለሚወጡ እሱም የሚያድነው ቀን ነው። ቀይ ቀበሮን ከመፈለግ ይልቅ ምግቡን ፈልጉ። መሬቱ በጉድጓድ የተበሳሳና አፈሩ አዲስ የተቆፈረ ቦታ ስታገኙ መኪናውን አቁሙና ሞተር አጥፉ። ግዙፉ ፍልፈል እስከ ትከሻው ብቻ ብቅ ይላል፣ ዓይኖቹ አናቱ ላይ ናቸው፣ ዙሪያውን ያለውን ሣር ለቃቅሞ በአፉ ይዞ ይገባል፣ ቀዳዳውንም በአፈር ይደፍነዋል። እሱ ራሱ ቁጥር ነው፣ ባሌ ላይ ብቻ የሚገኝ። ትንሽ ከቆያችሁ ቀይ ቀበሮው ይመጣል። ብቻውን ነው የሚያድነው፣ ቀይ አካል፣ ነጭ ጉሮሮ፣ የጭራው ጫፍ ጥቁር። ጆሮውን ወደ አንዱ ጉድጓድ ቀስሮ ድርቅ ብሎ ሲቆም ካያችሁ ካሜራውን ሳይሆን ባይኖኩላሩን አንሡ፣ ቀጥሎ የሚሆነው በሰከንዶች ነው የሚያልቀው።

ከሳነቴ ወደ ሐረና ስትወርዱ አየሩ ይሞቃል፣ ጫካው ይዘጋል። ቀርከሃው ውስጥ የባሌ ጦጣ አለ። ከተራው ጦጣ ጋር እንዳታምታቱት ስካውቱን ጠይቁ።

ሰሜን ተራሮች ለዋልያ ነው፣ ሌላ የትም ስለሌለ ምርጫ የለም። ጨነቅ አካባቢ ገደሉን በባይኖኩላር ቀስ ብላችሁ ጥረጉት፣ ድንጋይ ጫፍ ላይ ሰስም ልታገኙ ትችላላችሁ። ቀይ ቀበሮና ጭላዳን በአንድ ቦታ ለማየት ለአዲስ አበባ የሚቀርበው ደግሞ መንዝ ጓሳ ነው። ሕዝቡ ራሱ ሣሩን ለመቶዎች ዓመታት በራሱ ሥርዓት ሲጠብቀው የኖረ ቦታ ነው፣ አየሩም በራሱ ያስደስታል።

የቆላውን ጉዞ ለየካቲትና መጋቢት አቆዩት። ድርቀቱ ሲጠና እንስሳው ውኃ ዳር ይሰበሰባል፣ ሣሩም አጥሮ ይታያል። አዋሽ ከጅቡቲው መንገድ ዳር ስለሆነ ለመድረስ ይቀልላል፦ ሳላ፣ አምባራይሌ፣ እንሹ፣ ሁለቱ ዝንጀሮዎች፣ ወንዙ ላይ አዞ። ወደ ደቡብ ስትወርዱ ዝዋይ ላይ ይብራና አባ ኮዳ፣ ሰንቀሌ ላይ ቆርኬ፣ ጫሞ ላይ በጀልባ አዞና ጉማሬ፣ ነጭ ሳር ሜዳ ላይ የሜዳ አህያ። እንግዳ ወፎቹም ያኔ ሊመለሱ እየተሰናዱ ስለሆነ ሐይቆቹ ዳር የሚታየው ብዙ ነው።

6. ሳታረጋግጡ አትጻፉ

መጀመሪያ ፎቶ፣ ከዚያ ማየት። አንድ ፎቶ ከሩቅ፣ ከቻላችሁ ሌላ ቀረብ ብሎ፣ አንድ ደግሞ እንስሳው የቆመበትን አካባቢ። በባይኖኩላሩ አንድ ዓይን ላይ የስልኩን ካሜራ ገጥማችሁ ማንሣትም ይቻላል፣ ልምምድ ይፈልጋል እንጂ በደንብ ይሠራል። ፎቶ ካልተገኘ መጠኑን ከምታውቁት ነገር ጋር አወዳድራችሁ ጻፉ፦ ከዋኔ ይበልጣል፣ ከቁራ ያንሳል። መንቁር፣ እግር፣ ጭራ፣ ሲበር ክንፉ ላይ ያለው ቀለም።

ለወፍ ሜርሊን የሚባለው አፕ፣ ለሁሉም እንስሳ ደግሞ አይናቹራሊስት አሉ። ሜርሊንን ከመውጣታችሁ በፊት የአገሩን ጥቅል አውርዱት፣ ገጠር ላይ ኔትወርክ አትጠብቁ። አፑ የሚሰጣችሁ ጥቆማ ነው፣ ፍርድ አይደለም። “ይሄ እንስሳ እዚህ ቦታ፣ በዚህ ከፍታ ይኖራል ወይ?” ብላችሁ ካልፈተሻችሁት ሌላ አህጉር ያለ ወፍ ሊሰጣችሁ ይችላል።

የአካባቢውን ሰው ጠይቁ፣ በተለይ እረኞችን። ከማንም በላይ ያውቃሉ። ግን ስም ከቦታ ቦታ ይለያያል። አንዱ ቦታ “ነብር” ያላችሁ ሌላው ጋ አነር ሊሆን ይችላል፣ ሽኮኮ፣ ሸለምጥማጥና ጥርኝ ላይም እንደዚያው። ስለዚህ “ምን ይባላል?” ብቻ ሳይሆን “ምን ያህላል? ምን ይበላል? መቼ ይወጣል?” ብላችሁ ጠይቁ፣ የሰማችሁትንም እንዳለ ጻፉት። እነሱ ያዩት ግን የእነሱ ነው፣ እናንተ እስክታዩት ቁጥር አይሆንም።

7. ማታውን አትተዉት

የአጥቢ ዝርዝር ቀን ብቻ በመውጣት አይሞላም። ጥርኝ፣ ሸለምጥማጥ፣ ጃርት፣ አዋልዲጌሳ ሁሉም የማታ ናቸው። የግንባር ባትሪ አድርጋችሁ በዓይናችሁ ትክክል ያዙት፣ ብርሃኑ እንስሳው ዓይን ላይ ሲያርፍ መልሶ ያበራል፣ ያን ጊዜ ቁሙና ወደ ጎን አዙሩት፣ ዓይኑ ውስጥ አትደቅኑበት። ፓርክ ውስጥ ከጨለመ በኋላ ያለ ስካውት አትንቀሳቀሱ። ጉማሬ ማታ ለግጦሽ ይወጣል፣ በእሱና በውኃው መሀል የቆመ ሰው ትልቅ አደጋ ላይ ነው።

8. ነውር የሆነ ነገር

ለቁጥር ብላችሁ እንስሳ አታባርሩ፣ ስካውቱንም “ትንሽ ወዲህ ንዳልኝ” አትበሉት። ጭላዳ ስለለመደ ብስኩት አትስጡት። ጎጆ ያለች ወፍን አታስነሡ። ቀይ ቀበሮ ወዳለበት ውሻ ይዛችሁ አትሂዱ፣ ከውሻ የሚጋባው እብደት በሽታ ነው ባሌ ላይ በተደጋጋሚ የጨረሳቸው። ነብር ወይም የጉጉት ጎጆ ያያችሁበትን ትክክለኛ ቦታ ፌስቡክና ቴሌግራም ላይ አትልቀቁ። አይናቹራሊስት ላይ የመጥፋት አደጋ ያለባቸውን ዝርያዎች ቦታ ራሱ ይደብቅላችኋል፣ ሌላው ላይ ግን ኃላፊነቱ የእናንተ ነው።

9. በየወሩ ገልብጡ፣ ጳጉሜን ላይ ዝጉ

በየወሩ መጨረሻ ደብተሩን ወደ ኤክሴል ገልብጡ፣ የደብተሩን ገጾችም ፎቶ አንሥታችሁ ለራሳችሁ ኢሜይል ላኩ። ደብተር ይጠፋል፣ ውኃ ይገባበታል፣ ታክሲ ውስጥ ይቀራል። ወፎቹን ኢበርድ የሚባለው የወፍ መመዝገቢያ ድረ ገጽ ላይ ብታስገቡ ለተመራማሪዎችም ይጠቅማል። እሱ ዓመቱን የሚቆጥረው ከጃንዋሪ ስለሆነ የሚያሳያችሁ ቁጥር ከእናንተ ጋር አይገጥምም፣ አትደናገጡ። የራሳችሁን መዝገብ በሙሉ አውርዳችሁ ከመስከረም 1 ጀምሮ ያለውን በቀን ማጣራት ነው።

ክረምቱን “ይመስለኛል” ያላችኋቸውን አንድ በአንድ እያነሣችሁ ፎቶውንና ማስታወሻውን መርምሩ። የጠራው ወደ ዝርዝሩ ይግባ፣ ቀኑ ግን ያያችሁበት ቀን ነው እንጂ የወሰናችሁበት አይደለም። ተራ ቁጥሩ ቢዛነፍም ችግር የለውም፣ በስተመጨረሻ ኤክሴል ላይ በቀን ደርድሩት።

የጳጉሜን አምስት ወይም ስድስት ቀን ሰፈር ውስጥ ዙሩበት፣ አንድ ሁለት የተረሳ ወፍ አይጠፋም። በመጨረሻው ቀን ማታ “ይመስለኛል” ላይ የቀሩትን አጥፉ፣ ወደ አዲሱ ዓመት አታሻግሯቸው። አጥቢ ይህን ያህል፣ ወፍ ይህን ያህል፣ በድምፅ ብቻ ይህን ያህል ብላችሁ ከሥር ጻፉና ፈርሙበት። ለመስከረም 1 ደግሞ አዲስ ገጽ አውጡና ያወጣችሁትን ሕግ እንደገና ገልብጡበት፣ መቀየር የምትፈልጉት ካለ የምትቀይሩት ያኔ ነው።